ጎሪላዝ ሲጀምሩ፦ አራት ዘፈን፣ ሩብ ሰዓት

ጎሪላዝን ብዙዎቻችን ያወቅናቸው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው «ክሊንት ኢስትዉድ» በሚለው ዘፈን ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ግን፣ 2000 ሊያልቅ ሲል፣ «ቱሞሮው ካምስ ቱደይ» የሚል አራት ዘፈን ያለው ኢፒ (ከአልበም አጠር ያለ ስብስብ) አውጥተው ነበር። ቀጥሎ ከመጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ይልቅ ደጋግሜ የምከፍተው ይሄንን ነው።

ለማያውቃቸው፣ ባንዱ ካርቱን ነው። ቱዲ ይዘፍናል፣ መርዶክ ባስ ይመታል፣ ራስል ድራም፣ ኑድል ደግሞ ጊታር። የሚስላቸው ጄሚ ሂውሌት ነው፤ ከጀርባ ሆኖ የሚዘፍነው የእንግሊዙ ባንድ የብለር ዘፋኝ ዴመን አልባርን። ካርቱን ስለሆኑ ቀልድ የሚመስለው ካለ የመጀመሪያውን፣ የኢፒውን ስም የያዘውን ዘፈን ይስማ።

እሱ ላይ ድራሙ ሂፕ ሆፕ ነው፣ ዘገም ያለ። ከስር ወፍራም የደብ (ከሬጌ የወጣ፣ ባስ የሚገንበት ስልት) ባስ አለ፣ ከላይ ሜሎዲካ (እየተነፋ የሚጫወቱት ትንሽ ኪቦርድ) ይገባል፣ ሬጌ እየሰማ ያደገ ሰው ወዲያው ጃማይካዊው የሜሎዲካ ተጫዋች ኦገስተስ ፓብሎ ትዝ ይለዋል። አልባርን እንቅልፉን እንዳልጠገበ ሰው ነው የሚዘፍነው፣ ያምርበታልም። ስልት የሚቀላቅሉ ባንዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያናድዱኝ ትንሽ ሬጌ፣ ትንሽ ራፕ፣ ከዚያ ጊታሩን አስጩኸው «አያችሁን?» ስለሚሉ ነው። እዚህ መጋጠሚያው የት እንደሆነ አይታወቅም፣ ባሱ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።

«ሮክ ዘ ሃውስ» ላይ ራፑ የአሜሪካዊው ራፐር የዴል ዘ ፋንኪ ሆሞሳፒየን ነው። ጡሩምባው ከጆን ዳንክዎርዝ የፊልም ሙዚቃ የተቆረጠ ነው፣ አሪፍ ነው። ፓርቲ ላይ ያስኬዳል፤ ለብቻ ሲሰሙት ግን ቶሎ ይሰለቻል።

የምከራከርለት «ላቲን ሲሞን» ነው። አልበሙ ላይ ኩባዊው ኢብራሂም ፌሬር፣ ያኔ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ በስፓኒሽ ዘፍኖታል፣ ሰዉም የሚያወድሰው ያንን ነው። አልፈርድበትም፣ የፌሬር ድምፅ ድምፅ ነው። ኢፒው ላይ ያለው ግን የአልባርን የእንግሊዝኛው ነው፣ ቀለል ያለ፣ ብዙም የማይለፋ። ፌሬር ያባብልሃል፣ አልባርን ደግሞ አብሮህ ይተክዛል። ሲከፋኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

«ትዌልቭ ዲ ስሪ» አልበሙ ላይ አልገባም፣ በኋላ «ጂ-ሳይድስ» የተባለው ስብስብ ላይ ወጣ። ጅምር ነገር ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ባይኖርም አይጎድልም ነበር።

ለጎሪላዝ አዲስ ከሆናችሁ ከዚህ ጀምሩ። በስልክ ስፒከር ግን አትስሙት፣ ባሱ ካልተሰማ ግማሹ ዘፈን የለም።