ቢጫዋ ቴስተርና አልነሳ ያለች ቮልስ

መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ ገንዘብ የሚወጣው ለአዲስ ባትሪ ወይም ሞተሩን አዙሮ ለሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው። አሮጌ ቮልስዋገን ያለው ሰው ግን ከሁለቱም በፊት ቮልትና ኦም የሚለካ ቴስተር ይግዛ፤ ውድ መሆንም የለበትም። እዚህ የምናየው ብዙ አምራቾች በየስማቸው የሚያወጡትን፣ 830 የሚባለውን ትንሽ ዲጂታል ቴስተር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው፣ ከርካሾቹም አንዱ ነው። ለቮልስ ሥራ ይበቃል፤ ነገር ግን ገደቡን ማወቅ ግድ ነው።

ሲገዛ 830ቢ ከሚለው ይልቅ 830ዲ የሚለው ይመረጥ። ዲው ድምፅ ስለሚያሰማ የተቆረጠ ሽቦ ፍለጋ ላይ ዓይንን ከማሳያው ጋር ከማመላለስ ያድናል። አብረውት የሚመጡት ገመዶች ደካማ ናቸው፤ ቀጫጭንና አጫጭር ናቸው፣ መቆንጠጫም የላቸውም። ሞተር እየተዞረ መለካት የሚፈልግ ሰው ጥርስ ያላቸው ሁለት ክሊፖችና አንድ ሁለት ሜትር ሽቦ ይጨምርበት።

ለአብዛኛው ፍተሻ ማዞሪያው ቀጥታ ቮልት 20 ላይ ይሁን። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለ12 ቮልት ናቸው። እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት በአብዛኛው 6 ቮልት ስለሆኑ ለእነሱ የቮልቱን ቁጥሮች በግማሽ ማውረድ ነው።

የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው ያለው። ካደረ በኋላ 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ሳይደረግ ወደ ሌላ ፍተሻ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ቀጥሎ ሞተሩ እንዳይነሳ ከኮይሉ (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት ከሚያመነጨው) 15 ቁጥር ከተጻፈበት ጫፍ ላይ ሽቦውን ነቅሎ የመኪናውን አካል እንዳይነካ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ለአምስት ሰከንድ ያህል ሞተሪኖውን ማዞር። ቮልቱ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ይህ ቴስተር በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚያነብ የመጀመሪያውን መውደቅ አይዝም፤ ረግቶ የሚያሳየውን ቁጥር ነው መውሰድ።

ቴስተሩ ዋጋውን የሚመልሰው ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ሞተሪኖው ሲለግም ነው። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ (በማሰሪያው ላይ አይደለም)፣ ሌላውን ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አካል ላይ ባለ ንጹሕ ብረት ላይ ማድረግና ማዞር። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ ያለው መሬት መስመሩ (የኔጋቲቩ መመለሻ) ላይ ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ በጎማ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ስለዚህ ኔጋቲቩ ከሻሲው የሚደርሳቸው ከካምቢዮው ፊት በታሰረው ጠፍጣፋ የሽቦ ጥልፍ ነው። ይህ ሲዝግ ወይም ዘይት ሲጠጣ ደህናው ሞተሪኖ ይወቀሳል። ፈትቶ ሁለቱንም ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት እስኪነጣ መፈግፈግና ማጥበቅ ነው መድኃኒቱ። በፖዘቲቩ በኩል ደግሞ ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ እስካለው ማብሪያ) 30 ቁጥር ድረስ በተመሳሳይ መንገድ ይለካል፤ ከ0.5 ከበለጠ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ነው።

ሞተሩ ሲግል ቁልፍ ሲዞር "ቀጭ" ብቻ ብሎ ዝም የሚለው ችግር የሚታወቅ ነው። ኮረንቲው ከኋላ ተነስቶ ፊት ለፊት ወዳለው ቁልፍ ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ እስከ ሞተሪኖው ይመጣል። መንገዱ ረጅም ነው፣ የቁልፉም መገናኛ ያረጀ ነው። ቁልፉ ተይዞ ሳለ ሶሌኖይዱ 50 ቁጥር ላይ ይለካ። ባትሪው 11 ይዞ እዚህ ከ9 በታች ከሆነ ሞተሪኖ መቀየር አያስፈልግም። ባለ 30 አምፒር ሪሌ (በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) አጠገቡ ታስሮ፣ ከ30 ቁጥር በወፍራም ሽቦና በፊውዝ ተመግቦ፣ አሮጌው ሽቦ ሪሌውን ብቻ እንዲያነሳ ይደረጋል።

ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ወደ ኮይሉ። የተነቀለው ሽቦ ተመልሶ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ 15 ቁጥር ላይ የባትሪውን ያህል ቮልት መታየት አለበት። ከዚያ ጥቁሩን ገመድ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ቀዩን የኮይሉ 1 ቁጥር ላይ አድርጎ፣ በዲናሞው ፑሊ ነት ላይ 21 ቁልፍ አስገብቶ ሞተሩን ቀስ ብሎ በእጅ ማዞር። ፑንቲናው (የኮይሉን ኮረንቲ የሚያቋርጠው መገናኛ) ሲከፈት 12፣ ሲዘጋ ከ0.3 በታች ማሳየት አለበት። ሁልጊዜ 12 ከሆነ ፑንቲናው ቆሽሿል ወይም አይዘጋም። ሁልጊዜ ዜሮ ከሆነ አይከፈትም፣ ወይም የውስጧ ትንሽ ሽቦ አካል ነክታለች፣ ወይም ኮንደንሰሩ ሾርት ሆኗል፣ ወይም ኮይሉ ውስጡ ተቆርጧል። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ቁልፉን ከፍቶ ረጅም ጊዜ መቆየት ኮይሉን ያግላል፤ እንደጨረሱ መዝጋት ነው።

ለኮይሉ ኦም ማዞሪያው 200 ላይ ይሁን፣ ሽቦዎቹም ይነቀሉ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች ማነካካት፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኦም በላይ ያሳያሉ፣ ያ የራሳቸው የገመዶቹ ነው። እሱ ሲቀነስ በ15 እና በ1 መካከል ከ3 እስከ 3.5 ገደማ ከሆነ የኮይሉ ፕራይመሪ (በባትሪው ቮልት የሚሠራው ጥቅል ሽቦ) ጤነኛ ነው።

ቤንዚንን ይህ ቴስተር አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁር ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ሲወጣ ምርመራው ወደዚያ ይሂድ። የካንዴላ ገመድ ላይ ግን ቴስተሩን ማስጠጋት አይገባም፤ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው ያለው። 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳም በአብዛኞቹ ፊውዝ የለውም፤ የሞተሪኖ ኮረንቲ ከገባበት ገመዱ ይቀልጣል።

ትልቁ ድክመቱ በውስጡ ባለው 9 ቮልት ባትሪ ላይ ነው። ባትሪው ሲደክም ቴስተሩ ከእውነቱ አብዝቶ ያነባል፤ የሞተውን የመኪና ባትሪ ደህና ነው ይላል። በራሱም አይጠፋም፤ ከሥራ በኋላ ማዞሪያውን ማጥፊያው ላይ መመለስ የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ የመኪና ባትሪ ሳይቀር ሞተር ጠፍቶ ከ13 በላይ ካሳየ፣ መጀመሪያ የቴስተሩን ባትሪ መቀየር።