ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ስትገዙ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ቀጥ ብሎ ሳይቆም ብር እንዳትከፍሉ

ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ሆናችሁ ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ጌሚንግ ኮምፒውተር ለመግዛት የምታስቡ፣ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ። ስለ ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን ሠርቶ ወደ ስክሪን ስለሚልከው ክፍል) ሻጮች የሚደጋግሟት ነገር አለች፦ «ካርዱ ትንሽ ዘመም ብሏል እንጂ ምንም አይልም፤ ፍጥነት አይቀንስም።»

የሚያናድደው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። መዝመም በራሱ ፍጥነት አይቀንስም። ትልልቆቹ ካርዶች ከባድ ናቸው፤ አርቲኤክስ 4090 ለምሳሌ 2 ኪሎ ገደማና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ከኋላ ያሉት ብሎኖችና ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው ስሎት፣ ማለትም ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ናቸው። ጫፉ ወደ ታች ቢወርድ አይገርምም። ጥርሶቹ ስሎቱ ውስጥ በደንብ እስከገቡ ድረስ ጌሙም ያው ነው፣ ሬንደሩም (የተቀናበረውን ቪዲዮ ማውጣቱም) ያው ነው።

ሻጩ የማይነግራችሁ ሌላውን ግማሽ ነው። ለረጅም ጊዜ የዘመመ ካርድ፣ በተለይ እንደተገጠመ መኪና ላይ ተጭኖ የተንገጫገጨ ከሆነ፣ የካርዱ ሰሌዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ካርዱን ስሎቱ ላይ የሚይዘው መንጠቆ አጠገብ ነው። እዚያ ጋ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመዳብ መስመሮች ያልፋሉ። አንዱ ከተቆረጠ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ቀለሙ ይዘበራረቃል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ካርዱን ጭራሽ አያየውም።

የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ኮምፒውተሩን ከነካርዱ ከአዲስ አበባ ገዛ። ሻጩ ኬዙን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ነበር ያሳየው፤ «ውስጡ እንዲታይህ ብዬ ነው» ብሎ። ጌም ከፈተለት፣ ወለም ዘለም ሳይል ሠራ። ጉዱ የወጣው ማርቆስ መጥቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። ሬንደር መሀል ላይ ጥቁር! ወሩ ደግሞ ጥር ነው፤ ሙሽሮች ቪዲዮውን እየጠበቁ። ሲያጋድመው ይሠራል፣ ሲያቆመው ይጠፋል። ኬዙ ሲጋደም ካርዱ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ክብደቱ አያጎብጠውም፣ የተሰነጠቀው መስመር መልሶ ይገናኛል። አውጥተን በስልክ መብራት ስናየው መንጠቆው ሥር ጥፍር የማታክል ጭረት አለች። ሻጩ ሲደወልለት «መንገድ ላይ ነው የተሰበረው» አለ። ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ቀርቦ አይመሰክር! ደረሰኝም አልሰጠውም፤ ያለ ደረሰኝ ደግሞ ምን ይዘህ ትከሳለህ?

ስለዚህ ኬዙ ይቁም። ቆሞ ከባድ ጌም ወይም ፈርማርክ (ካርዱን አስጨንቆ የሚፈትን ፕሮግራም) ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ። ዩቲዩብ ከፍቶ ማሳየት ፈተና አይደለም። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ «ባስ ኢንተርፌስ» የሚለው ጋ በ16 የመረጃ መስመር መሥራት የሚችል ካርድ በ8 ወይም በ4 እየሠራ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። በ8 መሥራቱ ፍጥነቱን ያን ያህል ላይጎዳው ይችላል፤ ግን ካርዱ፣ ስሎቱ ወይም አገጣጠሙ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ይጠቁማል። (አርቲኤክስ 4060 እና አርኤክስ 6600 ከፋብሪካቸው በ8 ስለሆኑ በነሱ አትደንግጡ።) ከዚያ ኮምፒውተሩ ይጥፋና ካርዱ ይውጣ፣ መንጠቆውን በመብራት እዩት። አንድ ካቻቢቴ ይበቃል። ሻጩ እምቢ ካለ አትለማመጡት፣ ትታችሁ ውጡ።

«በሙቀት ይመታል፣ ይድናል» የሚላችሁም አይጠፋም። ሙቀት የተቆረጠ መስመር አይቀጥልም። በማይክሮስኮፕ እያዩ ቀጭን ሽቦ ዘርግተው የሚጠግኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ስንጥቁ ወደ ውስጠኛው ንብርብር ከገባ ግን ልፋቱ ካርዱ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። ከሥር የሚደረገው ድጋፍም ጤነኛ ካርድ እንዳይዘም ይረዳል እንጂ የተሰነጠቀ አይጠግንም፤ ሻጩ «ድጋፉን በነፃ ጨምሬልሃለሁ» ሲል እንደ ምርቃት አትቁጠሩት።

ከአዲስ አበባ የምታመጡ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ተነቅሎ፣ ስፖንጅ ተጠቅጥቆበት በራሱ ካርቶን ይሁን። ኬዙን አውቶቡስ ላይ ጫኑት፤ ካርዱን ግን በእጃችሁ ይዛችሁ ግቡ።