«ዋት እንጨምርልሻለን» ተብዬ 11,200 ብር የተበላሁበት አምፕሊፋየር

ይህን የምጽፈው ትናንት ከደሴ ተመልሼ፣ ንዴቴ ገና ሳይበርድልኝ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን፣ ወንበርና ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። ጥር ገብቶ ሥራ ሲበዛ ባለ 400 ዋቱ አምፕሊፋየሬ ለትልቅ ድንኳን አልበቃ አለኝ፤ አዲስ መግዛት አቅሜ ስላልፈቀደ ያለውን አሳድገዋለሁ ብዬ፣ ዕቃውን ጭኔ ላይ ታቅፌ በሚኒባስ የሐረጎን አቀበት ወጣሁ።

የገባሁበትን የጥገና ሱቅ ዓይነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መደርደሪያው በአሮጌ ቴፕና ሪሲቨር የተሞላ፣ በሩ ላይ ስፒከር የሚጮህበት፣ ባለቤቱም ዕቃውን ሳይከፍት ዋጋ የሚቆርጥ ነው። «እንደ እህቴ ነው የማይሽ» አለኝ። ሲ5200 እና ኤ1943 የሚባሉ፣ ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጡ ትራንዚስተሮች አራት አራት ሲጨመሩበት 400 ዋቱ 1000 እንደሚሆን ነገረኝ። ለአንዱ ትራንዚስተር 900 ብር፣ ለእጅ ዋጋ 4,000 ብር፣ በድምሩ 11,200 ብር በቴሌብር ላክሁለት። ከሁለት ቀን በኋላ ስመለስ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ቪቴው ላይም «ከተከፈተ ዋስትና የለውም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀኝ። ቮሊዩሙን ሩብ ያህል ብቻ ሲያዞረው ሱቁ በድምፅ ተናወጠ፤ እኔም አመስግኜና መርቄ ወጣሁ።

እሁድ ዕለት ሙሽሮቹ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ቮሊዩሙን ከግማሽ ባሳልፈው ድምፁ ተሰነጣጠቀ፤ ጥቂት ቆይቶም የሁለቱም ስፒከሮች ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ተቃጠለ። የሙሽራው አባት በእንግዳ ፊት የተናገሩኝን እዚህ አልደግመውም።

ትናንት ወደ ሱቁ ስሄድ ባለቤቱ ስላልነበረ አንድ ወጣት ሠራተኛ ተቀበለኝ። አጠቃቀም ስላላወቅሽበት ነው አለኝና፣ እኔን ዝም ለማሰኘት የራሳቸውን ወረቀት ራሱ ልጦ፣ ቪቴዎቹን በካቻቢቴ ፈትቶ ክዳኑን አነሳው። ስምንቱ አዳዲስ ትራንዚስተሮች በማቀዝቀዣው አልሙኒየም ላይ ተሰልፈው ያብለጨልጫሉ። ለአንድ አፍታ እኔው የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ይህን ዕቃ ስይዝ ዓመታት ስላለፉ ውስጡን አውቀዋለሁ፤ የነባሮቹ ትራንዚስተሮች ሦስት ሦስት እግሮች ወርደው ቦርዱ ላይ በሊድ ተበይደዋል። የአዲሶቹ እግሮች ግን ከሥራቸው ተቆርጠዋል። አንድም ሽቦ አልነካቸውም። ጣቴን ሰድጄ ከመጀመሪያው እስከ ስምንተኛው አንድ በአንድ ነካካኋቸው፤ ሁሉም በአንድ ቪቴ ለዓይን ብቻ የታሰሩ ናቸው። ልጁ እንዳየሁ ሲያውቅ ክዳኑን መለሰው።

«ሽቦው የታለ?» አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ወደ ባለቤቱ ደወለ። እሱም መጥቶ፣ ተጨማሪዎቹ ሙቀት እንዲስቡ የተደረጉ ናቸው አለኝ፤ የከፈልኩት ለሚሠራ ትራንዚስተር ነው ብዬ ብከራከር፣ «አንቺ የፈለግሽው ድምፅ ነው ወይስ ሽቦ?» ብሎ ከልጁ ጋር ሳቀብኝ። የሰጠኝ ደረሰኝ ላይም «የአምፕሊፋየር ጥገና» ከሚል በቀር የተጨመረ ዕቃ አልተጻፈም፤ እሱኑ መልሶ አሳየኝ።

ማታ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ የቆዩ ጠጋኝ ቦርዱን አይተው፣ የተነካው አንዲት ሬዚስተር ብቻ እንደሆነች ነገሩኝ። ሬዚስተሯ ስትለወጥ አምፕሊፋየሩ የሚገባውን ድምፅ አብዝቶ ስለሚቀበል በሩብ ዙር ይጮኻል፤ የሚያወጣው ከፍተኛ ኃይል ግን ያው የበፊቱ ነው። ከአቅሙ ሲያልፍ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል፤ ትዊተሮቼን ያቃጠለው ይኸው ነው። ስምንቱ በትክክል ተበይደው ቢሆን እንኳ ሙቀቱንና ከረንቱን ይካፈሉ ነበር እንጂ፣ የመብራቱን ኃይል መጥኖ ለአምፕሊፋየሩ የሚሰጠው ትራንስፎርመር ሳይለወጥ 1000 ዋት ከየትም አይመጣም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህን ለማወቅ ዕቃውን መክፈት እንኳ ሳያስፈልገኝ መቅረቱ ነው። የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ፊውዙ 3 አምፔር እንደሆነ ተጽፏል፤ በራሴ እጅ ስንት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። 220 ቮልት በ3 ሲባዛ 660 ዋት ነው፤ ከመብራት 660 የሚስብ ዕቃ ያለማቋረጥ 1000 ሊሰጥ አይችልም፤ ከሚስበውም ከፊሉ በሙቀት ይባክናል። በየቀኑ የወንበርና የድንኳን ሒሳብ የምሠራ ሰው ይህችን ማባዛት ሳላስብ ገንዘቤን ላክሁ። ደግሞም ከ400 ወደ 1000 ቢያድግልኝ እንኳ የሚጨመረው በድምፅ መለኪያው 4 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነበር፤ ለጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል።

የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም። ዋት እንጨምራለን የሚላችሁ ሰው ካለ ትራንስፎርመሩን ይቀይር እንደሆነ ጠይቁት፤ ክዳኑ ፊታችሁ ሳይከፈትም ብር አትላኩ።

ስምንቱን ትራንዚስተሮች ፈትቼ በፌስታል አስቀምጫቸዋለሁ። ለፊታችን እሁድ ሠርግ ቀብድ ስለተቀበልኩ አምፕሊፋየርና ስፒከር ከሌላ አከራይ በ3,000 ብር ይዣለሁ።