ለጫጩት ምን ይጎዝጎዝ? ፍቅፋቂ፣ ሰጋቱራ ወይስ ጭድ

ከመስከረም ወዲህ ብቻ አራት ሰው ደውሎ ያንኑ ጠየቀኝ። «የአንድ ቀን ጫጩት ልገዛ ነው፤ ከሥራቸው ምን ልጎዝጉዝላቸው?» መጨረሻ ላይ የደወለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ሰኞ ገበያ ጭድ ሻጭ ፊት ቆማ ነው የደወለችልኝ፤ ዋጋ ሲጠራ ከኋላዋ ይሰማኛል። ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈው አልኩ።

መልሱን ላስቀድም፤ ፍቅፋቂ ግዙ። ከአናጢ መላጊያ ሥር የሚወጣውን፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለውን። ከመጋዝ የሚወርደውን ደቃቅ ሰጋቱራ ተዉት። ችግሩ፣ እዚህ ደሴ ሁለቱንም «ሰጋቱራ» ነው የሚሏቸው። ስለዚህ በስም አትግዙ፤ በዓይናችሁ አይታችሁ ግዙ።

እኔ ይህን ያወቅኩት 11 ጫጩት ቀብሬ ነው። መጀመሪያ ጊዜ 50 ጫጩት አንዷን በ110 ብር አመጣሁ። ፍቅፋቂ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ 80 ብር ነበር፤ ደቃቁ 40 ብር። ሁለት ማዳበሪያ ይበቃኛል፤ 80 ብር ይተርፈኛል ብዬ ደቃቁን አሸክሜ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ማስነጠስ ጀመሩ። ፈንግል፣ ያ ዶሮ የሚጨርሰው በሽታ፣ ገባብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ አቧራው ነው። ከዚያም አንድ ነገር አየሁ፤ መኖውን ትተው መሬቱን ይለቅማሉ። የአንድ ቀን ጫጩት መኖ ከሰጋቱራ አይለይም፤ ደቃቅ የሆነውን ሁሉ ይውጣል። ከሞቱት አንዷን አንስቼ ስዳብሳት አንገቷ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ጠጠር ሆኗል። በምላጭ ከፈትኩት። የወጣው የረጠበ ሰጋቱራ ብቻ ነው፤ የመኖ ፍንጣሪ እንኳ የለበትም። በሳምንቱ 11 አለቁ። 11 በ110፣ 1,210 ብር። 80 ብር ለማትረፍ!

በሁለተኛው ዙር ፍቅፋቂ ብዬ ከፈልኩ፤ አሁንም ተሸወድኩ። ማዳበሪያው አፉ ላይ የሚያምር ነጭ ፍቅፋቂ አለ። ቤት ወስጄ ስዘረግፈው ግማሹ የችፑድና የኤምዲኤፍ፣ በሙጫ የተጨመቀ ጣውላ፣ ዱቄት ነው። እሱ ደግሞ ከሰጋቱራም ይብሳል፤ ሙጫው ፎርማልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል አለበት፣ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ይዤው ተመልሼ ብሄድ የሸጠልኝ አናጢ «እህቴ፣ ሰጋቱራ ያው ሰጋቱራ ነው» አለኝ። ብሬም አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሸራ ይዤ ነው የምሄደው። እዚያው አስዘረግፋለሁ፤ የማያስዘረግፍ ሰው ዘንድ አልገዛም።

ሲዘረገፍ አሽትቱት። ሙጫ፣ ቀለም፣ ወይም ለምስጥ የሚቀባው የተቃጠለ ዘይት ከሸተታችሁ ጥላችሁ ሂዱ። ጥድም ቢሆን ይቅር። ሽታው ደስ ይላል፤ ግን ያ ኃይለኛ ሽታ ለልብስ ሳጥን እንጂ ለትንሽ ሳንባ አይሆንም። ማዳበሪያው እንደ እህል ከከበደ ደግሞ እርጥብ ነው፤ ለውሃ ብር አትክፈሉ።

ጭድን በተመለከተ ብዙ ሰው «እኛ ያደግነው በጭድ ነው» ይለኛል። እውነት ነው፤ ግን ያኔ ጫጩቶቹ እናታቸው ሥር ነበሩ፣ ቀን ሜዳ ነው የሚውሉት። በአንድ ክፍል 50 ሲታጨቁ ሌላ ነው። የጤፍ ጭድ እንደ ፍቅፋቂ እርጥበት አይዝም። በኩስ ይጋገርና ላዩ ምንጣፍ ይሆናል፤ ከሥሩ ይሻግታል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ምን እንደሚደርቅ እናንተው ታውቃላችሁ። የሻገተ ጭድ ሳንባ ይበላል። እርጥብ ጉዝጓዝ ደግሞ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ይጠራል፤ ኩሱ ደም ይቀላቅላል፣ ጫጩቷ ላባዋን ነፍታ ትኮራመታለች። ያኔ መድኃኒቱን፣ አምፕሮሊየምን፣ ፍለጋ መሮጥ ነው፤ እሱም ብር ነው።

ዋጋውም እንደሚመስለው አይደለም። ጥር ላይ፣ አውድማ እንደተነሳ፣ አንድ ማዳበሪያ ጭድ በ70 ብር ገዛሁ። ሐምሌ ላይ ያው ማዳበሪያ 130 ገባ፤ ከብቱ ስለሚሻማው። ጭዱን በየአራት ቀኑ መቀየር ነበረብኝ። ፍቅፋቂውን ግን በየጠዋቱ እያገላበጥኩ፣ በውሃ መጠጫው ዙሪያ የረጠበውን ብቻ እያነሳሁ፣ ሦስት ሳምንት ቆየልኝ። ኮምቦልቻ ያላችሁ በበጋ ጭድ ብትጠቀሙ አልቃወምም። 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ትሞቃለች፣ ይደርቃል። ግን አሳጥራችሁ ከትፉት። ደሴ ላይ ጭድን ለእንቁላል መጣያ ጎጆ ብቻ ነው የምጠቀምበት።

ጋዜጣ ነጻ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት። ያንሸራትታል፤ የጫጩቷ እግር ግራና ቀኝ ይከፈታል። አንዷን በቀጭን ፕላስተር ሁለት እግሯን አቀራርቤ አስሬ ለጥቂት ቀን አቆየኋት፤ ድና ዛሬ ትጥላለች። ሌላዋን ግን አላተረፍኳትም።

አነጣጠፉ ላይ አትቆጥቡ። አምስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል ይባላል፤ ደሴ ላይ ሲሚንቶው ስለሚቀዘቅዝ እኔ ስምንት አደርገዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሚያሞቃቸው አምፖል ሥር ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። አምፖሉን በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ፍቅፋቂ ላይ ቢወድቅ ቤቱ ይያያዛል። ርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጡ። እጃችሁን ስትከፍቱ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው። ጎንበስ ስትሉ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ ደግሞ ከኩሱ የሚወጣው ጋዝ፣ አሞኒያ ነው፤ ጫጩቶቹ እዚያው መሬቱ ላይ ሌት ተቀን ይተነፍሱታል። በዚያው ቀን ቀይሩት።

ኮምቦልቻ ወርጄ ልግዛ ለምትሉ፣ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። እዚያ ፍቅፋቂ በ50 ብር አግኝቻለሁ። ሚኒባሱ ለአንድ ማዳበሪያ 30 ብር ጫነብኝ፤ ያው 80 ሆነ። የራሴ ደርሶ መልስ ሲጨመር ከሰርኩ። ለሌላ ጉዳይ ከወረዳችሁ ግን አምጡ። ባዶ ማዳበሪያ ከቤት ይዛችሁ ውረዱ፤ ከነማዳበሪያው ስገዛ 25 ብር ጨምረውብኛል።