ለ60 ሰው ሰርግ አዲስ አበባ ላይ ፎቶ አንሺ መያዝ፦ የተሳካውና የተበላሸው

ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ሰርግ ለሚደግስ ሰው የሚቀርበው ፓኬጅ አብዛኛውን ጊዜ ለ500 ሰው አዳራሽ የተሰፋ ነው። ሁለት ፎቶ አንሺ፣ ሁለት ቪዲዮ፣ ሎቭ ስቶሪ፣ ትልቅ ስክሪን፣ ሁለት አልበም፣ ግድግዳ የሚሸፍን ፍሬም። እዚህ የሚገመገመው ግን በጥር 2017 የተደረገ የ60 ሰው ሰርግ ነው፤ አንድ ግቢ፣ አንድ ሳሎን፣ ማታ አንድ ሬስቶራንት። የተያዙት አንድ ፎቶ አንሺ ከነረዳቱ፣ ለብቻው አንድ ቪዲዮ አንሺ፣ አልበም የሚያትም ቤት። የማንንም ስም አልጠራም። ፎቶው እጅግ ጥሩ፣ ቪዲዮው ደካማ፣ አልበሙ መካከለኛ ነው፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

«ዶክመንተሪ ስታይል ትሰራላችሁ?»፣ ማለትም ሰው አቁማችሁ ሳታስተካክሉ የሆነውን እንደሆነ ታነሳላችሁ ሲባል የማይሰራ የለም። ቀጥሎ የሚያሳዩዋችሁ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ሙሽራው የሙሽሪትን ግንባር ሲስም ነው። ኢንስታግራም ላይ ያሉትን ምርጥ 20 ፎቶዎች ተዉና የአንድ ሰርግ ሙሉ ፋይል ከጠዋት እስከ ማታ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። እዚያ ውስጥ በር ላይ የነበረውን ግርግር፣ ጉልበት ሲሳም የወላጆቹን ፊት፣ ማታ የተነሳውን ጭፈራ ፈልጉ። ሦስቱም ካሉና ሰው ካሜራ ካላየባቸው ትክክለኛው ሰው ነው። ጉልበት መሳሙ ላይ የሚታየው የቬሎ ጀርባ ብቻ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

በሩ ላይ ልቆይ፤ የቀኑ ምርጥ ፎቶዎች እዚያ ነው የሚወጡት። ሰርገኛው ሲደርስ የሙሽሪት ወገን በሩን ዘግቶ «አናስገባም ሰርገኛ» ይላል፣ ሙሽራው ይለማመጣል፣ ሚዜዎቹ ሽቶ ይረጫሉ። ሁሉም በአምስትና አስር ደቂቃ ያልቃል። ፎቶ አንሺው ከሙሽራው ጋር በመኪና አጅቦ ከመጣ የሚያገኘው የኮት ጀርባ ነው። ቀድሞ ገብቶ ከበሩ ውስጥ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ መቆም አለበት። ያኔ በሩ ራሱ እንደ መስኮት ይሆንለታል፤ ብርሃኑ ከግቢው ገብቶ በሩን የያዙትን ልጆች ፊት በጎን ያበራል፣ ሙሽራውም ከፊት ለፊት ይታያል። ረዳቱ ደግሞ ውጭ ይቀራል። ያመጣነው ልጅ ይህን ሳይነገረው ነው ያደረገው። ያጣነው አንድ ነገር፣ ሽቶው ሌንሱ ላይ አርፎ ቀጣዮቹ አርባ የሚሆኑ ፎቶዎች ላይ ጭጋግ ፈጠረ፤ ምክንያቱም በነጠላ ጫፍ ተጠረገ። ሽቶ ዘይት አለው፤ በተራ ጨርቅ ሲታሽ ይሰራጫል እንጂ አይነሳም። የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ ኪስ ውስጥ ይኑር።

ጉልበት ሲሳም ወላጆች ሶፋ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ሙሽሮቹ በየተራ እየጎነበሱ ይስማሉ፤ ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ ቤቱ «አሜን» ይላል። ፎቶ አንሺው ከሶፋው ጫፍ ጎን፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሌንሱን በተቀመጡት ሰዎች ደረት ልክ ካደረገ የእናትየዋን ፊትና የሙሽሪትን ፊት አንድ ላይ ያገኛል። አራት ሜትር በአምስት ሳሎን ውስጥ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። 24 ሚሊ ሜትሩ ዳር ላይ የቆመውን ሰው ይለጥጠዋል፤ ረጅሙ 70-200 ደግሞ ወደ ኋላ የሚሸሹበት ቦታ ስለሌለ ቦርሳ ውስጥ ይቅር። ጠረጴዛው ከዋዜማው ይውጣ።

አሁን ወደ ቪዲዮው። ካሜራው ጭንቅላት ላይ የተሰካው ነጭ ኤልኢዲ መብራት በመስኮት የሚገባውን ለስላሳ ብርሃን በአንድ ጊዜ ይገድለዋል። የሰው ግንባር ያብለጨልጫል፣ አያቶች ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ጥላ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ቪዲዮ አንሺው ከዚህም አልፎ «አንዴ ድገሙት» ማለት ያበዛል፤ ጉልበት መሳሙን ሁለቴ አስደግሟል። የተደገመ እንባ በፎቶ ይታወቃል። ስህተቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻ ስለተቀጠሩ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ የነገራቸው አልነበረም። በውሉ ላይ «ቤት ውስጥ የካሜራ መብራት አይበራም፣ ምንም ነገር አይደገምም» ብላችሁ አጽፉ፤ ሁለቱንም ከሰርጉ በፊት ቤቱን አሳዩአቸው።

ለፎቶ አንሺዎችና ካሜራ ይዘው ከአሜሪካ ለሚመጡ ዘመዶች፦ አገር ቤት ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ነው፣ አሜሪካ 60፤ ርካሽ አምፖል ከዚህ ጋር እየተከተለ ዓይን በማያየው ፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል። በ1/125 ወይም በ1/200 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት የሚነሳ ፎቶ ርካሽ አምፖል ባለበት ሬስቶራንት ውስጥ በአግድም ጥቁር መስመር ይሸነታተራል። በ1/100 ወይም በ1/50 አንሱ፤ ቪዲዮውን በካሜራው ሴቲንግ ከኤንቲኤስሲ (ለ60 ኸርዝ ከተሰራው) ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ ወደተሰራው) ቀይሩ። እስክስታ ግን በ1/100 ትከሻውን ያደበዝዘዋል። ትከሻ ሲደበዝዝ እኔ ደስ ይለኛል፣ ፊቱ ከቆመ በቂ ነው። ደርቆ እንዲቆም የፈለገ ፍላሹን ወደ ነጭ ኮርኒስ ያዙር። ኮርኒሱ የእንጨት ከሆነ ግን ሰው ሁሉ ቡናማ ይሆናል።

ሌላው የነጭ ልብስ ጣጣ ነው። የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ቬሎ ፍሬሙን ሲሞሉት ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ፊት ይጠቁራል። ፎቶ አንሺው መለኪያውን ለፊት ብሎ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያህል ከፍ ማድረግ፣ ጥለቱ እንዳይጠፋም በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ ማንሳት አለበት። ይህን ያላደረገ ሰው ኋላ በኮምፒውተር ፊቱን ሊያቀላ ይነሳል፤ ብዙ አልበም ላይ የምናየው የዱቄት መልክ ከዚህም ይመጣል። «ቆዳ አይነጣም፣ አይለሰልስም» የሚለውን እኛ በጽሑፍ አስቀምጠን ነበር፤ ፎቶ አንሺው አክብሯል። አልበም ቤቱ አላከበረም፤ ከማተሙ በፊት ናሙና ስንጠይቅ ነው ያገኘነው።

ስለ ሰዓት። በወረቀት ላይ ሰርገኛው 4 ሰዓት ተኩል ይደርሳል ነው የሚለው፤ 6 ሰዓት ብላችሁ አስቡ። ስለዚህ ፎቶ አንሺን በሰዓት ሳይሆን ከሙሽሪት ዝግጅት እስከ ማታው ጭፈራ በቀን ያዙ። ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ ጾም ሳይገባ ሁሉም ሰው የሚያገባበት ጊዜ ስለሆነ አንዳንዱ ፎቶ አንሺ በአንድ ቀን ሁለት ሰርግ ይይዝና 9 ሰዓት ላይ ረዳቱን ጥሎ ይሄዳል። የሚያነሳው ሰው ማን እንደሆነ በስም ውሉ ላይ ይስፈር። ፊርማው ቀደም ብሎ ወረዳ ላይ የሚደረግ ከሆነ እዚያ አንድ ሰው በስልክ ቢያነሳ ይበቃል፤ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ጠረጴዛውን ስለሚከብ ለማንኛውም ብዙ አይታይም።

የመናፈሻው ፕሮግራም ለትንሽ ሰርግ ትርፉ ድካም ነው። ክፍያ አለው፣ ወረፋ አለው፣ እንግዳው እስኪመለሱ ይራባል። ካልቀረ በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ከ11 ሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጡት፤ በ8 ሰዓት ፀሐይ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል። ድሮን ይዛችሁ አትምጡ፤ ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዛል። 4 ኪሎ ቤተ መንግሥት አካባቢም ካሜራ አታውጡ።

ዋጋ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሆነ የዛሬው ቁጥር ለሚቀጥለው ጥር አይረዳችሁም። ውሉ በብር ይሁን፤ ቀብድ ከሲሶ አይብለጥ፤ የመጨረሻው ክፍያ ፋይሉ እጃችሁ ሲገባ ይሁን። ፋይሉን በኢንተርኔት እልካለሁ ለሚል እሺ አትበሉ። 3,000 ሮው ፎቶ በ30 ሜጋባይት ሲታሰብ 90 ጊጋባይት ነው። አንድ ቴራባይት ዲስክ ይዛችሁ ኑ፤ በሰከንድ 90 ሜጋባይት ከሚያነብ ካርድ ለመገልበጥ 17 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ እሱ እራቱን እስኪበላ ያልቃል። የተስተካከሉት 420 ፎቶዎች በ12 ቀን ደረሱን፤ ቪዲዮው ከበረራው በፊት አልደረሰም።

አልበሙ ሲታዘዝ ሽፋኑ ላይ የሚጻፈውን ቀን ራሳችሁ በእጃችሁ ጽፋችሁ ስጡ። የኛው «ጥር 17 ቀን 2025» ብሎ መጣ፤ የኢትዮጵያን ወር ከፈረንጅ ዓመት ጋር ድረውታል። ሽፋኑን ለመቀየር አራት ቀን ወስዶባቸዋል፣ ተጨማሪ ግን አላስከፈሉም።