ሯጮች፣ ተረከዛችሁን ከመወጋታችሁ በፊት ይህን አንብቡ፤ ምስጋና ለወጌሻችን

ይህ ዓመት አብረውን ለሚሮጡት ሁሉ የማይረሳ ዓመት ነው። በሕይወታቸው ሮጠው የማያውቁ ሰዎች ሩጫ ጀመሩ፤ ለዓመታት ትተውት የነበሩ ተመለሱ፤ የመጀመሪያ ማራቶናቸውን ሰው አገር ሄደው፣ 42.195 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰው የመጡም አሉ። የውጤት ዝርዝር ላይ ስሟ የማይወጣ፣ ያለ እሷ ግን ብዙዎቹ መነሻው መስመር ላይ የማይቆሙ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች። ሯጮቹ «ወጌሻችን» ነው የሚሏት። ዓመቱ ሳያልቅ በአደባባይ ላመሰግናት፣ እናንተም እንድታውቋት እፈልጋለሁ። እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ!

የአብዛኛው ሰው ጣጣ የአኪለስ ጅማት ነው፤ ከባት ጡንቻ ወርዶ ተረከዝ አጥንት ላይ የሚያርፈው። በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው እሱ ቢሆንም፣ ስንሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደታችን 6 እጥፍና ከዚያ በላይ ይሸከማል። አዲስ ሯጭ ላይ ለምን እንደሚብስ ሯጭ ያሰለጠነ ሁሉ ያውቀዋል። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፣ ጅማት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ትንፋሹ የተስተካከለለት ሰው ደስ ይለውና ርቀት ይጨምራል፣ ዳገት ይጨምራል፣ በዚያው ሰሞን ተረከዙ ዝቅ ያለ አዲስ ጫማ ይገዛል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ጅማቱ ላይ ይወድቃሉ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች እያነከሰ ይራመዳል።

እሷን ከማግኘታችን በፊት ሯጮቻችን የደረሰባቸውን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። የቦታዎቹንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። አንዱ ጋ አንዲት ሯጭ «ለሁለት ወር ምንም እንዳትነኪው፣ ተኚ» ተባለች። ተኛች። ሕመሙ ጠፋ። በተመለሰች ሳምንት ያው ሕመም ተመለሰ፤ ምክንያቱም ጭነት የማይነካው ጅማት አቅሙን ያጣል፣ ከእረፍት የሚወጣው ከገባበት ደክሞ ነው። ሌላ ቦታ አንዱን ሯጭ ያለ ምንም ማብራሪያ ኮርቲሶን ወጉት። ኮርቲሶን ሕመሙን ለሳምንታት ያደነዝዛል፤ ጅማቱ ውስጥ ሲገባ ግን ሊያዳክመውና ለመበጠስ ሊያጋልጠው ይችላል። ሰውየው «ዳንኩ» ብሎ ሊሮጥ ሲል ማንም አላስቆመውም። ሦስተኛዋን በሳምንት ሦስት ቀን እያስመላለሱ ማሽን ሥር አስተኟት፤ አንድም ቀን አስነስተው በአንድ እግርሽ ቁሚ አላሏትም። ከሁሉም የሚያመኝ ግን የአልትራሳውንድ ምስል አይተው «ጅማትሽ ወፍሯል፣ ከእንግዲህ ሩጫ የሚባል ነገር እርሺው» ያሏት ናት። ምንም የማያማቸው ሯጮች ላይም የወፈረ ጅማት ይታያል። ሕመሙ ለቆ ውፍረቱ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ምስል ብቻውን በሰው ሩጫ ላይ አይፈርድም። ያቺ ሴት እያለቀሰች ነበር የወጣችው።

ወጌሻችን ጋ የመጀመሪያው ቀጠሮ አብዛኛው ጥያቄ ነው። ጣቷን ከማሳረፏ በፊት ትጠይቃለች። ባለፉት ሳምንታት ምን ተለወጠ? ርቀት፣ ፍጥነት፣ ዳገት ወይስ ጫማ? ጠዋት ስትነሳ እግሩ ስንት ደቂቃ ተገትሮ ይቆያል? ሕመሙ ቀስ በቀስ መጣ ወይስ ከኋላ በርግጫ የተመታህ ያህል በድንገት? በድንገት ከሆነ በሆዱ አስተኝታ ባቱን በእጇ ትጨምቃለች። ባቱ ሲጨመቅ እግሩ ወደ ታች ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ አጥንት ሐኪም ትልከዋለች፤ ለራሷ ታካሚ ይሆነኛል ብላ አንድ ቀን አታቆየውም።

ቀጥሎ ቦታውን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ እያደረገች ትፈልጋለች። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፣ ሕክምናው የሚለየው ግን እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ የጅማቱ መካከል ነው፤ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ከደረጃው በታች ማውረድ ይቻላል። ሕመሙ ጅማቱ አጥንቱን የሚይዝበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ተረከዝ ከወለል በታች መውረድ የለበትም፤ ወደ ታች ሲለጠጥ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይጨፈለቃልና። እንዲህ ያለውን ሰው ጠፍጣፋ ወለል ላይ ታሠራዋለች፣ ባት ማሳሳቡን ታስቆመዋለች፣ ለጊዜው ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ታስደርገዋለች። «ስትሬች ባደረግኩ ቁጥር ለምን ይብስብኛል?» የምትሉ፣ ምናልባት መልሳችሁ ይኸው ነው።

ከዚያ ተረከዝ ማንሳት በአንድ እግር፣ እስኪደክም ድረስ። ጤነኛ እግር ብዙ ጊዜ 25 ገደማ ይሠራል ተብሎ ይወሰዳል፤ ለእሷ ዋናው ግን ቁጥሩ ሳይሆን የግራና የቀኙ ልዩነት፣ ተረከዙም እስከ መጨረሻው ከፍ ማለቱ ነው።

ልምምዱን በተመለከተ ሁለት መንገድ ታቀርብና እንደ ሰዉ ኑሮ ታስመርጣለች። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 የስዊድኑ ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን ያሳተመው ነው፤ በጤነኛው እግር ወደ ላይ ወጥቶ በታመመው ቀስ ብሎ መውረድ፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር ጉልበት ታጥፎ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንታት። ጉልበቱ የሚታጠፈው ከላይኛው የባት ጡንቻ ሥር ያለው፣ ሶሊየስ የሚባለው ጡንቻ እንዲሠራ ነው። ይህ በቀን 180 ጊዜ ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው መሐል ላይ ይሰለቸዋል። ሁለተኛው በሳምንት 3 ቀን ብቻ ከባድ ክብደት ይዞ በዝግታ መሥራት ነው፤ 3 ሴኮንድ ወደ ላይ፣ 3 ሴኮንድ ወደ ታች፣ በየዙሩ መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እረፍት። በ15 ድግግሞሽ ይጀመራል። ሳምንታት ሲያልፉ ክብደቱ ይጨምራል፣ ድግግሞሹ እስከ 6 ይወርዳል። ሥራ የሚበዛባቸው ይህንን ይመርጣሉ፤ እኔም ለሯጭ የምወደው ይህንን ነው።

ሕመም ሲሰማ ምን ይደረግ ለሚለው የሰጠችን መለኪያ ብዙ ጭንቀት አቅልሎልናል። ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እስከ 5 የሚደርስ ሕመም በልምምድ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ግን በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለስ አለበት፣ ከሳምንት ወደ ሳምንትም ማደግ የለበትም። በማግስቱ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ የትናንቱ ሥራ በዝቷል፣ ይቀነሳል። ሩጫው ራሱ በ1 ደቂቃ ሩጫና በ1 ደቂቃ እርምጃ ይጀመራል፣ በጠፍጣፋ መንገድ፣ አንድ ቀን ሮጦ ቢያንስ አንድ ቀን እየዘለሉ። መጀመሪያ ደቂቃው ያድጋል፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ፣ ዳገት በመጨረሻ። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡ ሰዎች ናቸው ተመልሰው የሚመጡት።

አንድ ደግነቷን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ያቺ በማሽን ቤት በሳምንት ሦስቴ ስትመላለስ የከረመችው ሯጭ በመጀመሪያው ቀን «በሳምንት ስንቴ ልምጣ?» ብላ ጠየቀቻት። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ነይ። ደረጃ አለሽ፣ ቦርሳ አለሽ፣ ቦርሳው ውስጥ የምትጨምሪው ውኃ አለሽ፤ የቀረው ያንቺ ሥራ ነው» አለቻት። ገቢዋን በገዛ እጇ ስትቀንስ ማየት ለለመድነው ነገር ሁሉ እንግዳ ነበር። ሯጯ ዓመቱ ሳያልቅ ማራቶን ጨርሳለች።

ከሁሉ የበለጠ ግን ሙያዋን ያየሁት ለጉዞ ስንዘጋጅ ነው። ለውድድር ሰው አገር የሚሄዱት ሯጮች የሻንጣቸውን መድኃኒት እንዲያሳዩአት ጠየቀች። ማንም ፊዚዮቴራፒስት እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ከአንዱ ቦርሳ ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ወጣ፤ «ምናልባት ሆዴ ቢበላሽ» ብሎ የያዘው። ሰውየው ገና ከአኪለስ ሕመም እያገገመ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲንና ወገኖቻቸው ጅማትን የማሳመም፣ አልፎም የመበጠስ አደጋ አላቸው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በማሸጊያው ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። አደጋው ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑና ኮርቲሶን ለሚወስዱ ይብሳል። ጅማቱም ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አኪለስ ነው። እሷ ግን መድኃኒቱን ነጥቃ አልጣለችም፣ በራሷም ሌላ አላዘዘችም። «ጅማትህ ታማሚ መሆኑን ንገረውና ሌላ አማራጭ ጠይቀው» ብላ ወደ ሐኪሙ ላከችው፤ ሐኪሙም ቀየረለት። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ያየው ሰው አልጠየቀውም። እባካችሁ እናንተም የጉዞ መድኃኒታችሁን አሳዩ፤ የታዘዘላችሁን ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቆሙ።

የውድድር ምርጫም ላይ ገብታ መክራለች። ዳገት አኪለስን ይጫናል፣ ቁልቁለት ደግሞ የጭን ጡንቻን ይቀጠቅጣል። ገና ላገገመ ሰው እንደ በርሊን ያለ ጠፍጣፋ መንገድ ይሻላል፤ ቦስተን በቁልቁለት አስጀምሮ ጭኑ ከደከመ በኋላ የኒውተንን ዳገቶች ስለሚያመጣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ ትላለች።

ለጉዞው የሰጠቻቸው ምክር በአንድ ወረቀት ያለቀ ነው። የሚሮጡበት ጫማ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ የተጫነ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፣ ጫማ ግን በውድድር ዋዜማ ተገዝቶ አይሮጥበትም። በረጅም በረራ የመተላለፊያው ወንበር ይመረጥ፣ በየሰዓቱ ገደማ ተነስቶ መራመድ፣ ተቀምጠውም ተረከዝ ከፍ ዝቅ ማድረግ። የደም መርጋት ታሪክ ያለው ሰው ከበረራው በፊት ሐኪሙን ያማክር። የሰዓት ልዩነቱ ብዙ ከሆነ ቀደም ብሎ መድረስ፤ ሰውነት በግምት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ይፈልጋል፣ ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ደግሞ ይከብዳል። የመጨረሻው ከባድ የባት ልምምድ ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ያልቃል። የመጨረሻው ምክሯ ሁሉም ሰው የሚጥሰው ነው፦ ከተማውን በእግር መጎብኘት ከውድድሩ በኋላ ይሁን። ዋዜማውን ሙሉ ሙዚየም ለሙዚየም ሲዞር የዋለ ሰው 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዋጋውን ይከፍላል።

እንግዲህ ውለታዋ ይህ ነው። ተስፋ ቆርጠው የነበሩ ሰዎች በእሷ ምክንያት ዘንድሮ ሮጠዋል፣ ተጉዘዋል፣ አዲስ ነገር ጀምረዋል። እህታችን፣ እናመሰግናለን! ደግመን እናመሰግናለን! ሯጮች፣ እባካችሁ ሳትወጉ፣ ሳትተኙ፣ «ሩጫ እርሱት» የሚላችሁን ሳትሰሙ በፊት እሷ ጋ ሂዱ። ቅር የሚያሰኛችሁ ቢኖር ወረፋዋ ነው፤ ታገሱት፣ ያዋጣችኋል።

ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲወጣ ስለማትፈልግ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ከእሷ ፈቃድ ጋር እልክላችኋለሁ። በቅርብ የማታገኟትም ሌላ ባለሙያ ስትመርጡ በአንድ እግራችሁ አቁሞ የሚፈትናችሁንና ቤት የምትሠሩትን ልምምድ ቆጥሮ የሚሰጣችሁን ምረጡ። እሷ ጋ የምትሄዱ ደግሞ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ የምትሮጡበትን ጫማ (አዲሱን ሳይሆን ያለቀውን፣ ሶሉን ታየዋለች)፣ ያለፉትን ሁለት ወራት የሮጣችሁበትን መዝገብ፣ የምትወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው። ቁምጣ መልበስም አትርሱ፤ ባታችሁን ሳታይ አትጀምርም።