ፓስታ ለመብላት ናፓ ወይስ ሶኖማ?

ከኦክላንድ ቅዳሜ ወደ ወይን አገር፣ ማለትም ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳሉት ናፓና ሶኖማ፣ እንውጣ ሲባል ሁሌ ይሄ ጥያቄ ይነሳል።

ዋጋ፦ ናፓ ይወደዳል፣ በተለይ ያውንትቪልና ሴንት ሄሌና የሚባሉት ከተሞቹ። ሶኖማ ቀለል ይላል።

ወይኑ፦ ናፓ ካበርኔ በሚባለው ቀይ ወይን ነው የሚታወቀው፣ ከበድ ስለሚል ከስጋ ጋር አሪፍ ነው። ሶኖማ ግን ጣልያኖቹ ራሳቸው የሰፈሩበት ነው፣ እዛው ሶኖማ ውስጥ አስቲ የሚባል ቦታ ላይ በ1881 ወይን መትከል ጀምረዋል፣ እና እኛ ሱጎ ለምደን ላደግነው ዚንፋንዴል የሚባለው ቀይ ወይኑ ከቲማቲም ጋር ሲገጥም በጣም ደስ ይላል።

ፆም ከሆነ፦ ሁለቱም ጋ ፒዛ ማሪናራ ካለ እዘዙ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ፣ ጠርዙ በእንጨት እሳት ጠቆር ብሎ ሲመጣ ቺዙ ትዝ አይላችሁም።

መንገድ፦ ናፓ ሀይዌይ 29 ቅዳሜ ይጨናነቃል፣ ሶኖማ ሰፊ ስለሆነ መንዳት ይበዛል። የሚነዳው ሰው እባካችሁ አይጠጣ።

ልደት ወይ አኒቨርሰሪ ከሆነ ናፓ፣ ልጆች ከያዛችሁ ሶኖማ ፕላዛ የሚባለው አደባባይ አጠገብ ብሉ፣ ሳሩ ላይ ይሮጣሉ።